«አይ ሰቨን ነው» ሲሏችሁ «ስንተኛው?» በሉ

ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ነበር።

«ብሮ፣ እቁቡ ወጣ!»

እቁቡ የእሱ አይደለም፤ የእናቱ ነው። አክስቴ መርካቶ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። በየሳምንቱ ስትጥል ከርማ 70 ሺህ ብር ደረሳት። ልጇ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ሞባይል ላይ ቢት ሲሠራ ነው የኖረው። ከበሮውን በጣቱ ይመታል፣ ቤዙን ይጨምራል፣ የክራር ድምፅ ያስገባል። ትራክ ሲደራረብበት ስልኩ እንደ ምጣድ ይግልና ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። እናቱ አይታ አይታ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ከወደድከውማ በወጉ ሥራው» አለችውና ለጣሪያ ማደሻ ያሰበችውን ብር ለላፕቶፕ ፈቀደችለት።

«ነገ ልገዛ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ አይ ሰቨን አግኝቻለሁ። ቀጭን ነው፣ ፎቶው ራሱ ያምራል» አለኝ።

«ስንተኛው አይ ሰቨን?»

ዝም አለ። «እንዴ! አይ ሰቨን ነዋ!»

«በል ብሩን እንዳትነካው። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን» አልኩት።

እንዲህ የቆጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም በዚያችው ተለጣፊ ወረቀት ተሸውጃለሁ። ሻጩ «አይ ሰቨን ነው፣ ከዚህ በላይ የለም» ሲለኝ አመንኩ። ያጠራቀምኩትን ቆጥሬ ሰጠሁ። ቤት ወስጄ ቢት ስሠራበት ደህና ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ ድምፃዊ ጓደኛዬ ሊቀዳ መጣ። ማይክራፎኑን ሰካን፣ ጆሮ ማዳመጫ አደረገ፣ መዝፈን ጀመረ። ወዲያው አቆመና፣ «ድምፄ ዘግይቶ ነው የሚሰማኝ» አለኝ። መዘግየቱን ስቀንስለት ደግሞ ዘፈኑ ጠቅ ጠሽ፣ ጠቅ ጠሽ እያለ መንተባተብ ጀመረ። ከፍ ሳደርገው ይዘገያል፣ ዝቅ ሳደርገው ይንተባተባል። ሁለት ሰዓት ታገልን። በሁለተኛው ቀን ሌላ ቦታ ሄዶ ቀዳ፤ አልፈረድኩበትም። በኋላ ላይ ገብቼ ሳጣራ የእኔ «አይ ሰቨን» ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው። ከእሱ አንድ ዓመት ዘግይቶ የወጣ «አይ ፋይቭ» ግን አራት ኮር አለው። ትንሹ ትልቁን በልጦት ነበር።

ያኔ ላፕቶፕ እንዲህ አልተወደደም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ዛሬ ተሳስቶ መግዛት ማለት ብዙዎቻችን ሁለተኛ የማናገኘውን ዕድል መጣል ማለት ነው። እናም የአክስቴን ልጅ ቅዳሜ ሱቅ ለሱቅ ሳዞረው የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ላፕቶፑ ከሰዓት ጋር ነው የሚሮጠው

መጀመሪያ መረዳት ያለብን ሙዚቃ ላፕቶፑን ምን እንደሚያሠራው ነው። ፊልም ስታዩ ወይም ፋይል ስታወርዱ ኮምፒውተሩ ትንሽ ቢዘገይ ትጠብቃላችሁ፣ አለቀ። ሙዚቃ ግን አይጠብቅም።

የሰርግ ቤት እንጀራ አስቡ። እንግዶቹ ማዕድ ላይ ናቸው። ጋጋሪዋ ጓዳ ናት። እንግዳው ያለውን ሳይጨርስ የሚቀጥለው እንጀራ መድረስ አለበት። ከዘገየ እጁ ባዶ ሰሐን ላይ ያርፋል። በሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ ያቺ ባዶ ሰሐን ናት «ጠቅ ጠሽ» የምትለው። ኮምፒውተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 44,100 ቅንጣት ድምፅ ያዘጋጃል። የሚያቀርበው ግን አንድ በአንድ ሳይሆን እየከመረ ነው። የክምሩ መጠን «በፈር» ይባላል። በፈሩን 256 ላይ ብታደርጉት አንዱ ክምር 5.8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ላፕቶፑ የሁሉንም ትራክ፣ የሁሉንም ኢፌክት ስሌት ጨርሶ ማቅረብ አለበት። ከዚያ የሚቀጥለውን፣ ከዚያ የሚቀጥለውን፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ።

ታዲያ በፈሩን ለምን 1,024 አናደርገውም? ይቻላል። ጋጋሪዋ ፋታ ታገኛለች። ግን ክምሩ በትልቁ ስለሚቀርብ ወደ 23 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ድምፁ ወደ ውስጥ ሲገባም ወደ ውጭ ሲወጣም ስለሚቆጠር መዘግየቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቢት ብቻ ለምትሠሩ ችግር የለውም። ጆሮው ላይ የራሱን ድምፅ እየሰማ የሚዘፍን ሰው ግን ይህን ወዲያው ነው የሚያውቀው፤ ማሲንቆ የሚመታም እንደዚሁ። የጓደኛዬ ችግር ይኸው ነበር።

ስለዚህ «ኃይለኛ ላፕቶፕ» ስንል፣ በፈሩን ዝቅ አድርገነው ሳይንተባተብ፣ ያውም ለሰዓታት የሚሠራ ማለታችን ነው።

ቁጥሩንና ፊደሉን አንብቡ

አሁን ወደ ተለጣፊው እንምጣ። «አይ ሰቨን» የቤተሰብ ስም ነው። «የአቶ እከሌ ልጅ» እንደማለት ነው፤ የትኛው ልጅ እንደሆነ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ከስሙ በኋላ ያለው ቁጥርና መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ናት። ይህን ለማየት ላፕቶፑን ክፈቱና ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» የሚለውን ንኩ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም እዚያ ተጽፏል።

ቁጥሩ 7500 ከሆነ የመጀመሪያው አሃዝ 7 ነው፤ ሰባተኛ ትውልድ ማለት ነው። 8250 ከሆነ ስምንተኛ ነው። 12700 ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ውሰዱ፤ 12ኛ ትውልድ ነው። 1135 የሚል ካያችሁም 11ኛ ትውልድ እንጂ አንደኛ አይደለም።

ፊደሏ ደግሞ ባሕርይዋን ትናገራለች። «ዩ» ከሆነች ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ፣ በ15 ዋት አካባቢ የሚሠራ ፕሮሰሰር ነው። «ኤች» ካለበት በ45 ዋት አካባቢ የሚሠራ፣ ሥራ የሚችል ነው። ራይዘን የሚባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮችም ላይ «ዩ» እና «ኤች» ተመሳሳይ ትርጉም አላቸው።

አሁን የእኔን ውርደት በቁጥር ላሳያችሁ። አይ ሰቨን 7500 ዩ ሁለት ኮር ነው። አይ ፋይቭ 8250 ዩ አራት ኮር ነው። አይ ሰቨን 8750 ኤች ስድስት ኮር ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሁለቱም «አይ ሰቨን» ተብለው ይሸጣሉ! ሱቅ ውስጥ ተለጣፊያቸው ያው ነው። ሥራ ላይ ግን እንደ ባጃጅና እንደ አይሱዙ ናቸው።

ሰባተኛ ትውልድን እንድትተዉት የማሳስብበት ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። «ጭነንልሃል፣ ይሠራል» ይሏችኋል፤ ይሠራ ይሆናል፣ ግን በጓሮ በር የገባ ነው።

አንድ ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ልጨምር። ድምፁ ይንተባተባል፤ የኮምፒውተሩን መቆጣጠሪያ ስታዩ ግን ፕሮሰሰሩ 35 በመቶ ብቻ ነው የሠራው ይላል። «ታዲያ ምን ሆነ?» ትላላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተለያዩ ትራኮች በተለያዩ ኮሮች ላይ ሊከፋፈሉ ይችላሉ። አንድ ትራክ ላይ የተደረደሩ ኢፌክቶች ግን ወረፋ ይዘው ነው የሚሠሩት። ኢኩላይዘሩ ሳይጨርስ ኮምፕረሰሩ አይጀምርም፤ ኮምፕረሰሩ ሳይጨርስ ሪቨርቡ አይጀምርም። ስለዚህ ያን ሰንሰለት አንድ ኮር ብቻውን ይሸከመዋል። ሁሉም ድምፅ ተሰብስቦ የሚያልፍበት የማስተር ትራክማ ባሰ። ሌሎቹ ኮሮች ቁጭ ብለው ሲያዩ አንዱ ትከሻው ይሰበራል። ለዚህ ነው የኮር ብዛት ብቻ ሳይሆን የአንዱ ኮር ጉልበትም የሚያስፈልገው፤ አዲስ ትውልድ መምረጥ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

ራም፣ ሃርድ ዲስክ፣ እና የማያስፈልጋችሁ ነገር

ራም እንደ ሥራ ጠረጴዛ ነው። 8 ጂቢ ይዛችሁ ቢት መሥራት ትችላላችሁ፤ ግን ዊንዶውስ ራሱ ድርሻውን ይወስዳል፣ ጎግል ክሮም ከተከፈተ ደግሞ ሌላ ድርሻ አለው። 16 ጂቢ ቢሆን ይመረጣል። እንደ ኮንታክት ባሉ መሣሪያዎች ከባድ የኦርኬስትራና የፒያኖ ስብስቦችን የምትጭኑ ከሆነ 32 አይበዛም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ራሙ ይጨመራል ወይስ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው?» የሚጨመር ከሆነ ዛሬ በ8 ገዝታችሁ ነገ ማሳደግ ትችላላችሁ። ቀጫጭኖቹ ላይ ብዙ ጊዜ የተበየደ ነው፤ የገዛችሁት መጠን እስከ መጨረሻው ያው ነው።

ሃርድ ዲስክ ላይ አትከራከሩ፤ ኤስኤስዲ መሆን አለበት። የድሮው የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ፣ ተራው የሳታ ኤስኤስዲ 500 ያልፋል፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ ሺዎችን ይቆጥራል። ፕሮጀክት ለመክፈት ቡና አፍልቶ መጠጣትና ስኒ እስኪነሳ መጠበቅ ልዩነቱ እዚህ ነው። 512 ጂቢ ለመጀመሪያ ይበቃል።

አሁን ብር የምታተርፉበት ቦታ፦ የግራፊክስ ካርድ። ለጌምና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ወሳኝ ነው። ለሙዚቃ ግን ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል፤ ድምፁን የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። ፎር ኬ ስክሪን፣ በጣት የሚነካ ስክሪን፣ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ስክሪን... ያምራሉ፤ ለዘፈናችሁ ግን አንድ ኖታ አይጨምሩም። ይህን ስል የጌም ላፕቶፖችን እያጣጣልኩ አይደለም። እንዲያውም ብዙዎቹ ባለ «ኤች» ፕሮሰሰርና ጥሩ ማቀዝቀዣ ያላቸው ስለሆኑ ለሙዚቃ ይሆናሉ። ችግራቸው ማቀዝቀዣው ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት መጮሁ ነው። ማይክራፎናችሁ እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ ጩኸቱም ይቀዳል።

ፖም የተገመጠበትስ?

«ማክቡክስ?» ትሉኛላችሁ፤ የአክስቴም ልጅ ጠይቆኛል። አፕል በኅዳር 2013 ዓ.ም. ገበያ ላይ ያዋለው ኤም ዋን ፕሮሰሰር ያለው ማክቡክ ኤር ለሙዚቃ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። ማቀዝቀዣ ፋን ስለሌለው ድምፅ የለውም። ባትሪው ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ሥራ አያቋርጥም። ኤፍኤል ስቱዲዮም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ማክ ላይ ይሠራል። ሎጂክ ፕሮ ደግሞ ማክ ላይ እንጂ ዊንዶውስ ላይ የለም፤ አብራችሁ የምትሠሩት ሰው ሎጂክ የሚጠቀም ከሆነ ይህ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው።

ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ራሙም ማከማቻውም በኋላ አይጨመርም። ሁለተኛ፣ ያገለገለ ማክ ስትገዙ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ አረጋግጡ። የአንድ ድርጅት ንብረት ሆኖ በርቀት የሚቆለፍም አለ። ተቆልፎ የቀረ ማክ ውድ ትሪ ነው።

ቅዳሜ፣ ሱቅ ውስጥ

ቅዳሜ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ጀመርን፣ ወደ መገናኛ ወረድን። ኪሴ ውስጥ አንድ ፍላሽ ይዣለሁ። ሙሉ ምስጢሩ ይህ ፍላሽ ነው። ላዩ ላይ ሪፐር የሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር አለ። ሪፐር ፍላሽ ላይ ተጭኖ ከፍላሽ የሚነሳ ሆኖ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ለ60 ቀን ደግሞ ምንም ሳይቆረጥበት በነፃ ይሞከራል። አብሮት አንድ ከባድ ፕሮጀክት አስቀምጫለሁ፦ 40 ትራክ፣ በየትራኩ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጡ ኢፌክቶች የተደረደሩበት።

በመጀመሪያው ሱቅ ያቺ የቴሌግራሟ ቀጭን ላፕቶፕ ቀረበች። እውነትም ታምራለች።

«ወንድሜ፣ አይ ሰቨን ናት፤ ከዱባይ የመጣች፣ ስላይትሊ ዩዝድ» አለ ሻጩ።

ልጁ ራሱ «አባውት» የሚለውን ከፈተ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፦ ሰባት ሺህ... ፊደሏ «ዩ»። ቀና ብሎ አየኝ። ፍላሹን ሰካን፣ ፕሮጀክቱን ከፈትን፣ በፈሩን 256 አድርገን አጫወትነው። መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ሻጩም ፈገግ አለ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ግን ታችኛው ክፍሏ መጋል ጀመረ፣ ከዚያ ጠቅ... ጠሽ...

ይህ ለምን ይሆናል? ላፕቶፕ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀጭን አካል ሙቀት የሚያስወጣበት ቦታ ጠባብ ነው። በሁለት ደቂቃ ሙከራ የማይታይ ነገር በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ይታያል። ስለዚህ ሻጩ ቢያጉረመርምም አሥራ አምስት ደቂቃ አጫውቱት። የማያስሞክር ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

በአራተኛው ሱቅ አንድ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጥጉ የተላጠ ላፕቶፕ መደርደሪያው ሥር አገኘን። ሻጩ ራሱ ሊያሳየን አልፈለገም።

«ይሄ እኮ ወፍራም ነው፤ ወጣት አይይዘውም» አለን።

አይ ሰቨን 8750 ኤች፣ 16 ጂቢ ራም፣ 512 ኤስኤስዲ። ፍላሹን ሰካን። አሥራ አምስት ደቂቃ ተጫወተ። በፈሩን ወደ 128 ዝቅ አደረግነው፤ አሁንም አልተንተባተበም። ማቀዝቀዣው ትንሽ ይጮኻል፤ እሱን ከማይክራፎኑ በማራቅ እንችለዋለን። ከዚያ ቻርጀሩን ነቀልነው። ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ጉልበታቸውን ስለሚቀንሱ እንደገና መንተባተብ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለምትሠሩ ይህን ማወቅ ግድ ነው። ይሄኛው ጥቂት ጊዜ ተንተባተበ፤ በፈሩን 512 ስናደርገው ተረጋጋ። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርትም አየን። ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ይነግራችኋል። ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር። እሱን ይዘን ዋጋ ቀነስን!

በተረፈ ዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ፣ ኪቦርዱን ፊደል በፊደል ሞከርን። የአንድ ሳምንት መሞከሪያ በጽሑፍ ጠየቅን፤ ሻጩ አቅማምቶ ጻፈ። ከ70 ሺው ብር ላይም ተረፈን። የተረፈውን ብር ነው እንግዲህ የምወደው።

ብሩን ሁሉ ላፕቶፕ ላይ አታራግፉ

ምክንያቱም ላፕቶፕ ብቻውን ስቱዲዮ አይሆንም። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም በዩኤስቢ የሚሰካው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ያስፈልጋል። የራሱ አሲዮ ድራይቨር ያለው ሳውንድ ካርድ መዘግየቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ብዙዎቹ ሳውንድ ካርዶች እንደ አብልተን ላይቭ ላይት ያለ ቀለል ያለ ሕጋዊ ሶፍትዌርም ይዘው ይመጣሉ።

ሶፍትዌር ካነሳን... ክራክ ነገር እንደሚበዛ ሁላችንም እናውቃለን። አልሰብካችሁም። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈልም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ግን ከማይታወቅ ቦታ ከሚወርድ ክራክ ጋር ቫይረስ ተያይዞ ይመጣል፤ ቫይረሱም የዚያችኑ 5.8 ሚሊ ሰከንድ ተሻሚ ይሆናል። የወር ሥራችሁን ቆልፎ ብር ሊጠይቃችሁም ይችላል። የሪፐር የግለሰብ ፈቃድ 60 ዶላር ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ ደግሞ አንዴ ከተገዛ የወደፊት ማሻሻያዎቹ በነፃ ናቸው። ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ልላክልህ?» ሲላችሁ ከጫማ ይልቅ ይህን ማሰብ ነው።

ላፕቶፑንም ከዲሲ ወይም ከዱባይ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ፣ «ጥሩ አይ ሰቨን ላኪልኝ» አትበሏት። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ከነፊደሉ፣ የራሙንና የኤስኤስዲውን መጠን ጽፋችሁ ላኩላት። እህታችሁ የሙዚቃ ኮምፒውተር የማወቅ ግዴታ የለባትም። የአሜሪካው ቻርጀር መብራት አይስማማም ብላችሁም አትፍሩ፤ የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፣ ላያቸው ላይ ተጽፏል። የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን መግዛት የማትችሉስ? ስትቀዱ በፈሩን ዝቅ፣ ስትሚክሱ ከፍ አድርጉ። ያለቀለትን ትራክ «ፍሪዝ» አድርጉት፤ ኢፌክቶቹ ወደ ተራ ድምፅ ተቀይረው ፕሮሰሰሩ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ትራክ የራሱን ሪቨርብ ከመስጠት አንድ ሪቨርብ ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ እሱ ላኩ። የዊንዶውስን የኃይል አጠቃቀም «ሃይ ፐርፎርማንስ» ላይ አድርጉ። ስትቀዱ ዋይፋይ አጥፉ፤ አንዳንዴ የሚያንተባትበው የዋይፋይ ድራይቨሩ ነው። ሌተንሲሞን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር ሥራ እንደሚያውክ ይጠቁማችኋል። ይህን ሁሉ በዚያ ባለ ሁለት ኮር «አይ ሰቨን» ዘመኔ ባውቅ ኖሮ ጓደኛዬ ሌላ ቦታ አይሄድም ነበር።

ትናንት ማታ አክስቴ ቤት ቡና ጠራችኝ። ሰፈሩ መብራት የለም። ልጁ ጓዳ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ ፊቱ በስክሪኑ ብርሃን ተለቅቆ፣ ያንን ወፍራም ላፕቶፕ አቅፎ ተቀምጧል። በፈሩን 512 እንዳደረገው ሳልጠይቀው ነገረኝ። የአጎቱን ማሲንቆ ቀድቶ ከበሮ ሥር አስገብቶታል።

አክስቴ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳችልኝ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ «እንደው ንገረኝ፤ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆነዋል?»

«አላውቅም አክስቴ» አልኳት። «ግን ቢያቅተው ዕቃው አላሠራኝም ብሎ አይሆንም።»

ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው። «በል እንግዲህ፣ ክረምት ሳይገባ አንድ ዘፈን ያውጣ» አለች።